ይሰማል ተብሎ የተጻፈበት አባታችን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ባለፈው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ያዘኝ ብለህ ጽፈህ ነበርና እስካሁን ሐሳብ ሆኖብኛል። ጎንበስ ብለህ ሳይሆን ቁጢጥ ብለህ አንሳ፤ እልከኛ አትሁን። ባለቤትህ እንዴት ናት? የሥራ ሰዓቷን ቀየሩላት ወይስ አሁንም እሷ ስትገባ አንተ እየወጣህ በር ላይ ነው የምትተያዩት? ትልቁ ልጅ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ትንሿስ የወለቁት የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? ፎቶዋን እማማ ከመስተዋቱ ጥግ ሰክታው ጠዋት ጠዋት አንቺ ድዳም፣ ዛሬስ በቀለልሽ ወይ እያለች ታሾፍባታለች። ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል?

እዚህ ላይ እንግዲህ እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ እንዲያ ይላል። እማማ ዓይኗን የታከመች ጊዜም ደህና ነን ብያለሁ፤ ጣሪያው በነፋስ የተገነጠለ ጊዜም ደህና ነን ብያለሁ። ሩቅ ያለን ሰው ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል እየተባልን ነው ያደግነው፤ አንተም ከዚያ ሆነህ ያንኑ እንደምታደርግ አላጣሁትም። ዛሬ ግን ደህና ነን አልልህም። ያቺ ቃል ናት ጉድ የሠራችን። ስለዚህ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱልህ ጠብቀህ፣ ተቀምጠህ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። ተናድጄ ነው የምጽፈው። በፓርቲውም፣ በአንተም፣ በራሴም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሚብስ ስትጨርሰው አንተው ትፈርዳለህ።

ባለፈው ደብዳቤዬ አባባ ሥራ ጀምሯል ብዬህ ነበር። ብርቱካንማ ሰደርያውን ለብሶ ጠዋት ሲወጣ ብታየው ደስ ይልሃል፣ ቤት ከመዋልም ተገላገለ ብዬህ ነበር። ሥራ መጀመሩ እውነት ነው። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከምርጫው በኋላ ፓርቲው የሚችል እጅ አይቦዝን የሚል ፕሮግራም ማውጣቱን አንተም ታውቃለህ፤ እዚያ ያለው የድጋፍ ማኅበራችሁ ኬክ ቆርሶ እንዳከበረውም ሰምቻለሁ። ነገሩ ሲነገር ያምራል። እኛ ደጃፍ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ይኼ ነው፦ የአካል ጉዳት ካርድ ያለው ሰው ሁሉ እንደገና ይመርመር፤ ይችላል የተባለው ካርዱን ይመልስ፤ የተመደበበት ሥራ ይግባ፤ አልገባም ያለ ከፋብሪካው ቤት ለቆ ይውጣ። አንድ እግሩን ያጣው ጫማ ሰፊያችን እንኳ ተጠርቶ እግርህ አሁንም የለም ወይ ተብሎ ተጠይቋል። እሱም ዛሬ ጠዋት ስነሳ አልተመለሰም ነበር ብሎ መለሰላቸው። ሰፈሩ በዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። ሳቁ ግን የንዴት ነው፤ በየቤቱ ካርድ የተነጠቀ አለ።

ይኼው ፓርቲ ነው ደግሞ የፋብሪካውን የሕፃናት ማቆያ የዘጋው። ልጅ በእናቱ ጉያ ይደግ አሉን። መልካም፣ ይደግ። እናትየዋ ግን ጠዋት ማሽኗ ላይ ካልቆመች ስሟ ይሰረዛል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ የሰባት ወር ሕፃኗን የክር ቅርጫት ውስጥ አስተኝታ ነው የምትሠራው፤ ፎርማኑ ብቅ ሲል ብጣሽ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች። ማቆያውን የስብሰባ አዳራሽ አደረጉትና ግድግዳው ላይ ሁለት መፈክር ሰቀሉበት። አንዱ እናት ለቤቷ ይላል፤ ሌላው የሚችል እጅ አይቦዝን ይላል። አንዱ ቤት ግቢ ሲል ሌላው ከቤት ውጪ ይላል። ጎን ለጎን ሲሰቅሏቸው አንድ እንኳ አንብቦ ያፈረ ሰው አልነበረም።

አባባ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ካርዱን የያዘው በጆሮው ነው። አንተ ፋብሪካው ሳትገባ ነው የሄድከው፤ ቢሆንም በአንድ ቤት ነው ያደግነውና ነገሩን ታውቀዋለህ። የሽመና ክፍሉ ውስጥ ሁለት መቶ ማሽን አንድ ላይ ሲንቋቋ አጠገብህ ያለ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮህ አይሰማህም። ስለዚህ እኛ ሸማኔዎች የምናወራው በከንፈር ነው። ድምፅ አናወጣም፤ ከንፈራችንን አጉልተን እናንቀሳቅሳለን፣ ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ ያለችው አይታ ትመልሳለች። እማማና አባባ እራት ላይ እኛን የሚደብቁንን ወሬ በከንፈር ሲያወሩ ሰርቀን እያየን ተምረን የለ? አክስታችን ልታገባ መሆኗን ከሰው ሁሉ ቀድመን ያወቅነው በዚያ አይደል? አባባ ጆሮውን በማሽኑ ጩኸት ካጣ ስንት ዘመኑ፤ ግን ፊትህን ካዞርክለት የምትለው አንድ አያመልጠውም። ዳቦ ሻጩ እንኳ ደንቆሮ መሆኑን አያውቅም። ለሰው መናገርም አይወድም፤ ታውቃለህ፣ ኩሩ ነው።

የምርመራው ቀን ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። የሐኪሞች ቦርድ ይሉታል፤ ቦርዱ አንድ ወጣት ሐኪምና አንዲት ጸሐፊ ናቸው። ክፍሉ ትንሽ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የፓርቲው የግድግዳ ካላንደር፣ በመስኮቱ በኩል ሦስት ወንበር። የጆሮ መመርመሪያው መሣሪያ መደርደሪያ ላይ በፎጣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ምነው ብል ከተበላሸ ቆይቷል አለችኝ ጸሐፊዋ። ስለዚህ ጆሮን የሚመረምሩት በወሬ ነው። ሐኪሙ ክፉ ልጅ አልነበረም። አባባን አባት እያለ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ቃሉን እያጣራ ይጠይቀዋል። የመስኮቱ ብርሃን ደግሞ ልክ ፊቱ ላይ ያርፋል። አባባ ምን ያድርግ? ሰው በአክብሮት ሲጠይቀው በአክብሮት ይመልሳል። ዕድሜውን ተናገረ፣ ስንት ዓመት እንደ ሸመነ ተናገረ፣ ልጆቼ ሁለት ናቸው፣ ወንዱ ውጭ አገር ነው አለ። ጭራሽ ሐኪሙን ስንት ልጅ አለህ ብሎ ጠየቀው።

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረና እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ደረትዎንስ ያምዎታል ወይ ብሎ ጠየቀ። አባባ ከንፈሩን ማየት አልቻለም። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ከሐኪሙ ጀርባ ቆሜ ነበር። አላሰብኩም፣ ምንም አላሰብኩም፤ ማሽን ላይ ሆኜ ቀኑን ሙሉ እንደማደርገው ጥያቄውን በከንፈሬ አቀበልኩት። አባባም ደረቴንስ ያመኛል፣ በተለይ ሲነጋጋ ያስለኛል ብሎ ጥርት አድርጎ መለሰ። ሐኪሙ በመደበኛ ንግግር ይሰማል፣ ጀርባ ሰጥተው ቢያናግሩትም ይመልሳል ብሎ ጻፈ። ሲገባኝ ጮህኩ፤ እሱ አይሰማም፣ ከንፈር ነው የሚያነበው፣ የመጨረሻውንም ጥያቄ እኔ ነኝ የነገርኩት አልኩ። እህቴ፣ እዚህ የሚመጣ ሁሉ አንድ ታሪክ አለው፣ ቅጹ ላይ ደግሞ ከንፈር የሚል ቦታ የለም አለኝ። ማኅተሙን መታው። ከእኛ በኋላ ገና አሥራ አንድ ሰው በረንዳው ላይ ይጠብቅ ነበር።

ከካርዱ ጋር የደረቱ መድኃኒት ሄደ። መድኃኒቱን በነፃ የሚያገኘው በካርዱ ነበር። ከዚያ የሥራ ምደባው መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የት እንደ መደቡት ሰፈሩ ሁሉ አውቆ መጨረሻ የሰማነው እኛ ነን። የት መሰለህ? ጥጥ የሚጭኑ መኪኖች የሚገቡበት ግቢ። ሥራው ከመኪናው ኋላ ቆሞ፣ የኋሊት ሲመጣ ና፣ ቁም እያሉ ማስተናበር ነው። ሰደርያና ፊሽካ ሰጡት። ራሱ የማይሰማውን ፊሽካ። ጎረቤታችን፣ ማሽን ቁጥር አራት ላይ ሠላሳ ዓመት ስለ ሠሩ እትዬ ማሽን አራት የምንላቸው፣ እንግዲህ ዓይነ ስውሩን ደግሞ የመንገድ መብራት ጠባቂ ያደርጉታል አሉ። እምቢ ቢል ቤቱ ይሄዳል። እማማ አለቀሰች። እሱ ግን ፂሙን ተላጭቶ ገባ።

ያን ሰሞን ነው ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልህ። አንተ ወገብህን ታመሃል፤ እማማም ሐሳብ አትጨምሪበት አለችኝ። ብርቱካንማ ሰደርያ፣ ደስ ይልሃል ምናምን ያልኩት ለዚያ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መኪና መታው። ሾፌሩ በደንብ የሚያውቀን ሰው ነው፤ ክላክሱን ደጋግሜ ነፍቻለሁ፣ ቆሞ ስለ ጠበቀኝ አይቶኛል ብዬ መጣሁ እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባባ ወደ ሌላኛው መኪና ዞሮ ነበር። የመኪናው ኋላ ትከሻውን ገፍቶ ከግንቡ ጋር አጣበቀው። ግራ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አንድ እርምጃ ቢጨምር ኖሮ የምጽፍልህ የመርዶ ደብዳቤ ነበር። የፋብሪካው ሪፖርት ምን አለ መሰለህ? ሠራተኛው የክላክስ ድምፅ እየሰማ ባለመጠንቀቁ የደረሰ አደጋ። እየሰማ። ወረቀቱ ይሰማል ካለ ይሰማል ማለት ነው፤ መኪናም ቢገጨው ይሰማል። ክንዱ በጀሶ ታስሯል። ጀሶው ሲፈታ ወደዚያው ግቢ፣ ከዚያው መኪና ኋላ እንዲመለስ ደብዳቤ ደርሶታል። የሚፈታው ወሩ በሃያ ነው። የምለምንህ ነገር ሁሉ ከዚህ ቀን ጋር የተያያዘ ነውና ቀኑን ያዝልኝ።

አሁን ወደ አንተ መጣሁ።

ባለፈው እሑድ ፓርቲው ሕዝቡን ላወያይ ብሎ ጠራን። ውይይት ይበሉት እንጂ ጥያቄ የሚቀርበው ቀድሞ በወረቀት ነው፤ የሚመርጠው የሰፈሩ ኃላፊ ነው። ኃላፊውን እኛ ጭብጨባ ነው የምንለው፤ ራሱ ተናግሮ ራሱ ማጨብጨብ ስለሚያስጀምር። አዳራሹ ያ የሕፃናት ማቆያው ነው። ግድግዳው ላይ የተሳሉት ዳክዬዎች ከመፈክሩ ሥር አሁንም ይታያሉ፤ እጅ መታጠቢያዎቹም ጉልበት ድረስ ናቸው። ሽማግሌው አሮጊቱ የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩ ደርሶ ተቀመጠ። እትዬ ማሽን አራት ስለ አባባ ጥያቄ ጽፈው ሰጥተው ነበር። የተነበበው ጥያቄ ግን የአዳራሹን መጋረጃ ቀለም ማን መረጠው የሚል ነው። ጭብጨባ ራሱ መርጦት ኖሮ በደስታ መለሰ።

ከዚያ ፊልም እናሳያችሁ ተባለ። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ስለ ፕሮግራሙ የሚናገሩት። ሁለት ሰው ተናገረ፣ ድምፅ ማጉያው ተንጣጣና ጠፋ። ጭብጨባ ሽቦ ሲነካካ ፊልሙ ድምፅ ሳይኖረው ቀጠለ። ቀጥሎ የመጣኸው አንተ ነህ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልዋሽህ አልችልም። ስድስት ዓመት ያላየሁትን ፊትህን አየሁ። ከስተሃል። ያ ኮት የማን ነው? ትከሻው ይሰፋሃል። እማማ ልጄ ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች። ከዚያ ከንፈርህን አየሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁለት መቶ ሸማኔ ነን፣ ወንድም ጋሼ። ድምፅ አልነበረም፤ ግን አንድም ሰው አንዲት ቃል አላመለጠችውም። አባቴ ታሞ ቤት ተቀምጦ ነበር አልክ። ፓርቲያችን የሰውን ጉልበት አይጥልም አልክ። ዛሬ ብርቱካንማ ሰደርያውን ለብሶ ጠዋት ሲወጣ ብታዩት ደስ ይላችኋል አልክ። የእኔን ቃል። ለአንተ ልብ ማሳረፊያ ብዬ የጻፍኩትን ቃል አንስተህ ለእነሱ አቀበልካቸው።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኛን አየ። አባባ ከእኔ ቀጥሎ ነበር የተቀመጠው፣ ጀሶውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ፊቱን በእጄ ወደ እኔ አዞርኩና ሰላምታ እያቀረበልህ ነው፣ ናፍቆኛል እያለ ነው አልኩት በከንፈሬ። በደህናው እጁ ፊቴን ቀስ አድርጎ ገለል አደረገኝና አንተን እስክትጨርስ አየህ። ስትጨርስ አንገቱን ነቀነቀ፤ አዎ እንደሚል ሰው።

ጭብጨባ እኛ ያልሰማን መስሎታል። ድምፁ ስለ ተበላሸ ይቅርታ፣ ይህ ወንድማችን ስለ አባቱ ነው የተናገረው፣ አባትየውም እዚሁ ናቸውና ይነሱልን፣ አጨብጭቡላቸው አለ። ማንም አላጨበጨበም። አባባ ተነሣ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሲናገር እንደሚጮህ ታውቃለህ። ልጄ ነው አለ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ያላየውን ነው የተናገረው አለ። ተቀመጠ። ከዚህ በላይ አልጨመረም። እኔ ብሆን ልቅም አድርጌ ነበር የምሰድብህ፤ እሱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሸፈነህ።

ከዚያ አንዷ ተነሥታ ልትናገር ስትል ጭብጨባ ያለ ተራ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው አለ። እሺ ተባለ። እትዬ ማሽን አራት ተነሡና በከንፈራቸው መናገር ጀመሩ፤ ድምፅ የለም። ቀጥሎ የክር ቅርጫቷ እናት ተነሣች። ቀጥሎ የእሷ ረድፍ፣ ቀጥሎ ሁላችንም። ሁለት መቶ ሰው ቆሞ ያለ ድምፅ ይናገራል። መድኃኒቱን መልሱ ይላል፣ ማቆያውን ክፈቱ ይላል፣ ልጽፈው የሚያሳፍረኝንም ያሉ አሉ። የምሰማው የወንበር ሲጥ ሲጥ ማለትና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጭብጨባ ፊቱ ተለዋወጠ። ምንድን ነው የምትሉት አለ። እትዬ ማሽን አራት ምንም አላልንም ጌታዬ፣ ካልሰሙ ግን ሄደው ይመርመሩ አሉት። ጥበቃዎቹ ማንን ይያዙ? የጮኸ የለም። አንደኛው ጥበቃ የሸማኔ ልጅ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለችውን ዳክዬ እያየ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ደስ ብሎን ወጣን። ደስታው ግን እስከ ማግስቱ ነበር። ሰኞ ስለ አባባ ይግባኝ ልጠይቅ የካርዱን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ ዘንድ ሄድኩ። ጸሐፊው ፋይሉን ከፈተና አንድ ወረቀት አሳየኝ። የአንተ ንግግር በታይፕ ተጽፎ፣ ስምህ ከሥር ሆኖ፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ተያይዟል። የገዛ ልጁ በደስታ እንደሚሠራ መስክሮ እኛ ምን እናድርግ አለኝ። ልጁ አላየም፣ እኔ ነኝ በውሸት የጻፍኩለት አልኩ። እንግዲያው ምስክርነቱን የሚያነሳው ባለቤቱ ነው፤ በፊርማው ጽፎ ይላክና እንደገና እናስመረምራለን፣ ጀሶው ከሚፈታበት ቀን በፊት ከደረሰ አለኝ። የሌሎች ስድስት ሰዎች ይግባኝ ተቀባይነት አግኝቷል፤ በመሣሪያ ሊመረመሩ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካሉ። አንድ ቀን በአዳራሽ መቆማችን ይህን አስገኘ። የእኛ ብቻ ቀረ፤ የእኛ ብቻ ምስክር ነበረበትና።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፣ ይሁን ብዬ ልለፍህ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው ተረት በቤታችን ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰደርያውን ያወራህለት ሰው የደነቆረ መሆኑን ታውቅ የለ? ለመሆኑ አባባ ምን ሥራ ጀመረ ብለህ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቅኸኝም? ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ እውነቱን እነግርህ ነበር ብዬ ልማልልህ አልችልም። ምናልባት እንደገና እዋሽህ ነበር። ግን ብትጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባልተናደድኩብህ።

የማኅበሩ ሰዎች ምን እንደሆኑልህ አውቃለሁ። ፓስፖርትህን የሚያሳድሱልህ እነሱ ናቸው፤ የመጋዘኑንም ሥራ ያገኘኸው በእነሱ በኩል ነው። ኮቱንም እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ያለበሱህ። ና ተናገር ሲሉህ እምቢ ማለት ቀላል እንዳልነበረ ይገባኛል፤ አሁን ተናግሬ ነበር፣ ትክክል አልነበረም ማለት ደግሞ ከዚያ ይከብዳል። ቀላል ነው ብዬ አላታልልህም። የአንተም ልጆች ልጆች ናቸው። ግን አንተ ጋ የሚጠፋው ነገር ምንም ቢሆን ተመልሶ ይገኛል። እዚህ አባባ የሚቆመው የኋሊት ከሚመጣ መኪና ኋላ ነው።

ሦስት መስመር ይበቃል። አባቴ ጆሮው እንደማይሰማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ በል። ሥራውን በዓይኔ አላየሁም፣ የተናገርኩት እህቴ ከጻፈችልኝ ደብዳቤ ነው በል። እህቴም ዋሽታኝ ነበር በል፤ ስሜንም ጻፈው፣ አላፍርበትም፤ እኔን ማሽን ላይ የሚፈልጉኝ ከሆነ ሐሰተኛም ብሆን ያሠሩኛል። ፈርመህ፣ ቀን ጽፈህ፣ በአስቸኳይ ፖስታ ላከው። ወሩ በሃያ እንዳይቀድመን።

አባባ ይህን እንድጠይቅህ አልፈለገም። ሰው አገር ነው ያለው፣ ልጆች አሉት፣ አታስጨንቂው አለኝ። እኔም በከንፈሬ፣ አስጨንቄው የማላውቅ መሆኔ ነው እዚህ ያደረሰን አልኩት። ደብዳቤውን ስጽፍ ግን ከአጠገቤ አልተነሣም፤ እስክሪብቶው ቀለሙ ሲደክም በደህናው እጁ ሌላ አምጥቶልኛል።

ሌላው ሌላው ያው ነው። የክር ቅርጫቷ ሕፃን ዳዴ ጀምሯልና ከእንግዲህ ቅርጫቱ አይዘውም፤ ምን እንደምታደርግ እንጃ። ጫማ ሰፊው ሰላም ብሎሃል፣ የለበስከው ኮት ሰፊ ነው ብሏል እሱም። እትዬ ማሽን አራት ሰላም አላሉህም። በይልኝ አላሉኝምና በራሴ አልጨምርም።

በል እንግዲህ፣ ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ይህን ደብዳቤ ለእሷም አንብብላት፣ አስተዋይ ናት። ትልቁን ልጅ ጉንጩን ሳምልኝ፤ ትንሿን ጥርሷ የወለቀበት ላይ ሳምልኝ። እማማ በእጅጉ ሰላም ትልሃለች፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ ይብላ በይው ብላለች፤ ከዚያ ሌላ ስለ አንተ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። አክስታችን ወገቡን በሞቀ ፎጣ ይያዝ ብላለች።

አባባን ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበ። ሰላም በይልኝ አለ። ቀጥሎ፣ እንደ ልማዱ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ የሚናገረው ነገር ሲኖር ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይናገር በይው አለ።

እህትህ

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከሠራተኞቹ ቤት
ሐሙስ፣ ወር በገባ በሦስት